አጎቴን ለሮቦት ኦፕራሲዮን ህንድ እንውሰዳቸው ወይስ ይቅር?

ማክሰኞ ማታ ይህን ጥያቄ የለጠፍኩት ጨንቆኝ ነው። ደሴ የማስተምር የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። አጎቴ 67 ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩት ሐይቅ ነው፣ እኔን አሳድገው ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ ሽንት እያስቸገራቸው ሐኪም ቤት ሄዱ። በደም ምርመራ ፒኤስኤው (ከፊኛ በታች ያለው የወንዶች እጢ፣ ፕሮስቴት፣ የሚያመነጨው ነገር መጠን) ከፍ ብሎ ተገኘ፣ አዲስ አበባ ተልከው ናሙና ተወሰደ፣ የፕሮስቴት ካንሰር ነው ተባለ። ይህን በሰማን በሳምንቱ ሕመምተኛ ወደ ውጭ የሚያገናኝ አንድ ደላላ ለልጆቻቸው በቴሌግራም ቪዲዮ ላከላቸው። የማሽን ጣቶች የወይን ፍሬ ልጣጭ ሲሰፉ ያሳያል። ህንድ ሄደው በሮቦት ቢሠሩ ደም አይፈስም፣ በሁለት ቀን ይወጣሉ፣ ካንሰሩም አይመለስም አላቸው። ልጆቹ የኮምቦልቻውን ቤት ለመሸጥ ገዢ ማነጋገር ጀምረዋል። እኔ የጠየቅኳችሁ ይህን ነው፤ ከሦስቱ የትኛው እውነት ነው? በሮቦት የተሠራ ሰው በተለመደው መንገድ ከተሠራው ይልቅ ተሽሎት ይገኛል ወይ?

መልሱ 31 ደርሷል። ብዙዎቻችሁ ከመሃል ስለገባችሁ የተመለሰውን ደግማችሁ ስትጠይቁ አየሁ። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በተራ ላስቀምጠው፣ በመሃል የመሰለኝንም ጣል አደርጋለሁ።

1ኛው መልስ ዱዓ ነው፤ የባቲ ልጅ አላህ አፊያ እንዲያደርጋቸው ለምኖልናል። 2ኛዋ ለግሸን ማርያም ተስላላቸዋለች። ሁለቱንም ለአጎቴ አንብቤላቸው ለሁለቱም አሜን ብለዋል።

3ኛውን የጻፈችው የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ናት። ለእኔ የነገሩን መልክ የቀየረችው እሷ ናት። ሮቦት ሲባል ራሱ አስቦ የሚቆርጥ ማሽን እንደሚመስለን፣ ነገሩ ግን እንዲያ እንዳልሆነ አስረዳች። ሐኪሙ ከሕመምተኛው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ፊቱን መመልከቻው ላይ ደፍቶ የሆድን ውስጥ ጎልቶ፣ ቅርብና ሩቁ ተለይቶ ያያል፤ በጣቶቹ መያዣዎቹን፣ በእግሩ ፔዳሎቹን ያዛል። አልጋው ጋ ያሉት የማሽኑ ክንዶች እሱ ያደረገውን ይደግማሉ እንጂ ከራሳቸው አንዲት ክር አይስቡም። በላፓራስኮፒ፣ ማለትም ሆድ ሳይከፈት በካሜራ እየታየ በሚሠራው ኦፕራሲዮን ጊዜ፣ በትንንሽ ቀዳዳ የሚገባው መሣሪያ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፤ የሮቦቱ ግን ጫፉ እንደ እጅ አንጓ ይታጠፋል፣ የሐኪሙን የእጅ መንቀጥቀጥም ያጠፋል። ጥቅሙ እዚህ ላይ እንደሆነ፣ ጠባብ ቦታ ላይ መስፋት እንደሚያቀል ነገረችን። ከአልጋው አጠገብ ደግሞ መሣሪያ የሚቀይሩ፣ ደም የሚመጥጡ፣ ነገሩ ከተበላሸ ክንዶቹን ነቅለው ሆድ ለመክፈት የተዘጋጁ ሰዎች ይቆማሉ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ቪዲዮውን ደግሜ አየሁት። የወይኑን ልጣጭ የሰፋው ሰው አንድም ቦታ ላይ አይታይም።

4ኛው መልስ ቆጣ ያለ ነው። ጸሐፊው በወሎ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ እንደሆነ ይናገራል። በ2014ቱ ጦርነት የክልላችን ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ከአልጋ እስከ ማደንዘዣ ማሽን ተዘርፈው ከዜሮ በተነሱበት አገር፣ አስታማሚ ጓንትና ክር ከውጭ ገዝቶ በሚመጣበት አገር፣ ስለ ሮቦት ማውራት ነውር እንደሆነ ጻፈ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣውን ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን ሪፖርትም ጠቀሰ፤ በዓለም ላይ 5 ቢሊዮን ሰው ደህንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ጥገና በሚፈልገው ጊዜና በአቅሙ እንደማያገኝ የሚለውን። ቁጣው አልከፋኝም። ግን አጎቴ የታመሙ ሰው ናቸው፣ ልጆቻቸውም ቤት ሊሸጡ ነው። ስለ አገር ሲታሰብ ነውር የሆነ ነገር ለአንድ ቤተሰብ የነገ ጠዋት ጥያቄ ሊሆን ይችላል።

5ኛዋ 4ኛውን ደገፈችው፣ ግን በሌላ መንገድ። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣውን የቀዶ ጥገና ደህንነት ዝርዝር አነሳች። 19 ነጥብ ያለባት አንዲት ወረቀት ናት፤ ሕመምተኛው ማን ነው፣ የትኛው ጎኑ ነው የሚሠራው፣ አንቲባዮቲክ ተሰጥቷል ወይ፣ ጎዙ ተቆጥሯል ወይ እያለች የምትጠይቅ። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ በስምንት አገር ባሉ 8 ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ወረቀቷ ከመግባቷ በፊት ከመቶ 1.5 የነበረው ሞት ከገባች በኋላ 0.8 እንደሆነ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚመጣው ችግርም ከመቶ 11 ወደ 7 እንደወረደ ጻፈች። ሞትን ይህን ያህል የቀነሰ ማሽን አላየሁም ነው ነገሯ። ፎቶ ኮፒ የሚደረግ ወረቀት እኮ ነው! ስለ ሕክምና ማስረጃ ስንነጋገር በዚህ ውይይት ውስጥ እንደዚህ ያስገረመኝ የለም።

6ኛው መልስ በቀጥታ ወደ ጥያቄዬ መጣ። ጸሐፊው በስፔሻላይዜሽን ላይ ያለ ሐኪም ነው። ለፕሮስቴት ካንሰር ሮቦትን ከክፍት ኦፕራሲዮን ጋር በዕጣ ከፍሎ ያወዳደረው ዋናው ጥናት አውስትራሊያ፣ ብሪስቤን ውስጥ እንደተሠራና በ2016 እ.ኤ.አ. በላንሴት እንደታተመ ነገረን። 326 ወንዶች በዕጣ ተመደቡ፤ ግማሹ በሮቦት፣ ግማሹ ሆድ ተከፍቶ። በ12ኛው ሳምንት ሽንት በመቆጣጠርም በወንድነት ነገርም በሁለቱ መካከል የረባ ልዩነት አልተገኘም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታዩም እንዲሁ። ልዩነቱ ያለው ደም ላይ ነው፤ በክፍት የተሠሩት በአማካይ 1,338 ሚሊ ሊትር ግድም ሲደሙ፣ በሮቦት የተሠሩት 444 አካባቢ ነው። ሆስፒታል የቆዩበትም አጠረ፤ ሦስት ቀን ከሩብ ግድም የነበረው ወደ አንድ ቀን ተኩል። ስለዚህ ደላላው ከነገረን ከሦስቱ አንዱ፣ ቶሎ የመውጣቱ ነገር፣ እውነት ሆኖ ተገኘ። ደም አይፈስም ያለው ግን ያንሳል እንጂ አይፈስም አይደለም።

ከዚህ ሐኪም ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ያነበብኩት ግን ሌላ መስመር ነው። በዚያ ጥናት ክፍቱን የሠራው ሐኪም ከ1,500 በላይ ሰው የሠራ ነበር፤ በሮቦቱ የሠራው ደግሞ ከ200 በላይ። ሁለቱ መሣሪያዎች ተወዳደሩ የምንለው እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ሁለት ሰዎች ይዘዋቸው ነው። ደላላው የሮቦቱን ስም ነግሮናል፣ የሆስፒታሉን ሕንፃ አሳይቶናል፤ የሚሠራውን ሰው ስም ግን አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም።

7ኛው መልስ አጭር ነበር። የጻፈው ሰው በአደባባይ መጠየቅ እንዳሳፈረው ተናግሮ፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሽንት ያመልጣል የሚባለው እውነት እንደሆነ ጠየቀ። 6ኛው ሐኪም ተመልሶ በጨዋ ቋንቋ መለሰለት፤ በሁለቱም መንገድ መጀመሪያ ላይ እንደሚያመልጥ፣ ለብዙዎቹ በወራት ውስጥ እየተሻለ እንደሚሄድ፣ ለሁሉም ግን ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስ። ጠያቂው ደፍሮ ስለጠየቀ አመሰግነዋለሁ። አጎቴም ከልጆቻቸው ደብቀው እኔን ብቻ የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር።

8ኛው ሮቦት ሰው ገድሏል ብሎ መጣ። አሜሪካ ውስጥ ከ2000 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. 144 ሞት ተመዝግቧል፣ ስለዚህ ይህን ማሽን የሚያስተዋውቅ ሁሉ ደም አፍሳሽ ነው አለ። 9ኛው አረመው፤ ቁጥሩ ውሸት እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ከ10,000 በላይ ከሆኑ የችግር ሪፖርቶች ውስጥ የወጣ እንደሆነ፣ አብዛኞቹም ሪፖርቶች የመሣሪያ ብልሽት እንጂ የሰው ጉዳት እንዳልሆኑ፣ ሞቱም ማሽኑ ገደለ ማለት እንዳይደለ። ከ2007 እስከ 2013 ባለው ብቻ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ኦፕራሲዮን መሠራቱንም ጨመረ። የፊዚክስ መምህር ነኝና ይህን እርማት ወደድኩት፤ ከታች ያለውን ቁጥር ሳይነግረን የላይኛውን ብቻ የሚጠራ ሰው ግማሽ ነገር ነው የነገረን።

10ኛው መልስ ላይ ቆም ልበል። የወልድያ ሴት ናት። እናቷ ከአራት ዓመት በፊት የማኅፀን በር ካንሰር ተገኘባቸው። ያኔም እንደ እኛ ቤት፣ አንድ የሩቅ ዘመድ በትንንሽ ቀዳዳ የሚሠራው ዘመናዊ ስለሆነ እሱን ካላገኙ አይሠሩ ብሎ ሙግት ገጠመ። ሐኪሙ ግን ሆድ ከፍቶ እንደሚሠራ ቁርጡን ነገራቸው፤ ዘመዱም ሐኪሙን ኋላ ቀር ብሎ ሰደበው። ሐኪሙ በእርጋታ ምክንያቱን አስረዳቸው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነበረ፤ 631 ሴቶች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ በላፓራስኮፒ ወይም በሮቦት፣ ግማሾቹ በክፍት ተሠሩ። ሁሉም በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራው ቢያንስ እኩል ይሆናል ብሎ ነበር የጠበቀው። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ሲታይ ካንሰሩ ሳይመለስባቸው የኖሩት በክፍት ከተሠሩት ከመቶ 96.5 ሲሆኑ፣ በትንሽ ቀዳዳ ከተሠሩት 86 ብቻ ናቸው። በሦስት ዓመት በሕይወት የነበሩትም 99 ለ93.8 ነው። በዚያ ጥናት በሮቦት የተሠሩት ጥቂቱ እንደነበሩ፣ አብዛኞቹ በላፓራስኮፒ እንደሆኑም ሳትደብቅ ጽፋለች። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የመድኃኒትና ምግብ ባለሥልጣን በየካቲት 2019 እ.ኤ.አ. ሮቦት ለካንሰር ሕክምና ሲውል ሰዉ ዕድሜን ያራዝም እንደሆነ እንዳልተረጋገጠ እንዲነገረው ማስጠንቀቂያ አወጣ። እናቷ ዛሬ አሉ። የሆዳቸው ጠባሳ ከእምብርታቸው እስከ ታች የወረደ መሆኑን፣ ሻወር ስታወስዳቸው ሁልጊዜ እንደምታየው፣ አንድ ቀን ግን አስቀያሚ ነው ብላ እንደማታውቅ ጻፈች።

እኔ እስከዚህ ድረስ ትንሽ የተቀደደ ሰው ሁልጊዜ ትንሽ የተጎዳ ሰው ይመስለኝ ነበር። ካንሰር ላይ ዋናው ነገር ውጭ ያለው ጠባሳ ሳይሆን ውስጥ የቀረው እንደሆነ ያስተማረችኝ ይህች ሴት ናት።

11ኛው ስለ ሐሞት ጠጠር ነው፤ አጎቴን ባይመለከትም ላልፈው አልፈልግም። በአሜሪካ ከ1 ሚሊዮን በላይ አረጋውያን መዝገብ ላይ በተሠራና በ2023 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ሐሞት ከረጢት በሮቦት ሲወጣ የሐሞት ቱቦ ጉዳት ከመቶ 0.7፣ በተለመደው ላፓራስኮፒ ደግሞ 0.2 እንደነበረ ጻፈ። 9ኛው ተመልሶ፣ ይህ በዕጣ የተከፈለ ሳይሆን ከመዝገብ የተሰበሰበ መሆኑን አስታወሰን።

12ኛው ላይ ውይይቱ ሞቀ። በውጭ አገር የሚኖር የደሴ ልጅ ነው፣ የሙጋድ ልጅ ነኝ ይላል። እስካሁን የጻፍን ሁሉ ያልደረስንበትን የምናጣጥል እንደሆንን በመረረ ቃል ጻፈ። ማስረጃም ይዞ ነበር የመጣው። በቻይና 11 ሆስፒታሎች ከ1,200 በላይ የፊንጢጣ ካንሰር ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ እዚያው አካባቢ የተመለሰባቸው በሮቦት ከተሠሩት ከመቶ 1.6፣ በላፓራስኮፒ ከተሠሩት 4 ናቸው አለ። በእንግሊዝ ደግሞ ፊኛ በካንሰር ምክንያት እንዲወጣላቸው በዕጣ በተመደቡ 338 ሰዎች ላይ በ2022 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት የደም መርጋት በሮቦቱ በኩል ከመቶ 1.9፣ በክፍቱ 8.3 እንደነበረ፣ የቁስል ችግርም ከ16 ወደ 5.6 እንደወረደ ዘረዘረ። 13ኛው በፊንጢጣ ካንሰር ላይ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ በ10 አገሮች 471 ሰዎች የተካተቱበት ሌላ ጥናት ግን ልዩነት እንዳላገኘ መለሰለት፤ በመሃል ሆድ ለመክፈት የተገደዱት 8.1 ለ12.2 ቢሆኑም ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነበር።

የሙጋዱ ልጅ አነጋገሩ ቢመርም ያለው ትክክል ነው፣ ያንንም እዚያው ጽፌለታለሁ። ሮቦት ለአንዱ በሽታ ይጠቅማል፣ ለሌላው እኩል ነው፣ ለሌላው ደግሞ ሊጎዳ ይችላል። ሮቦት ጥሩ ነው ወይ ብዬ የጠየቅኩት ራሱ ጥያቄው የተሳሳተ ነበር። የማን ሕመም፣ የትኛው አካል፣ በማን እጅ ማለት ነበረብኝ።

ከ14 እስከ 17 ያለው ከመንገድ የወጣ ነው። አንዱ ሕመምተኛ ይዞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርድ ሐረጎ ላይ ጭጋግ ይዞት በረራ እንዳመለጠው ጻፈ፤ ሦስት ሰዎች ስለ ሐረጎ ጭጋግ ተከተሉት። ከመካከላቸው ግን አንዷ፣ ሕመምተኛ ሲታጀብ ብርድ ልብስና በፔርሙስ ሻይ መያዝ ከምንም በላይ እንደሚያስፈልግ ያለችውን መዝግቤዋለሁ።

18ኛው ወጣት ነው፣ የኮምፒውተር ተማሪ። ሴፕቴምበር 7 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ዣክ ማሬስኮ የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም ኒው ዮርክ ተቀምጠው፣ ስትራስቡርግ ፈረንሳይ ያለች ሴት ሐሞት ከረጢት በሮቦት ክንዶች አውጥተው ነበር፤ እንዲህ ከሆነ አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ደሴ ያለን ሰው ለምን አይሠራም ብሎ ጠየቀ። 4ኛው የጤና ሠራተኛ ተመልሶ በቁጣ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ሕልም እንደሆነ ነገረው። 3ኛዋ ነርስ መሃል ገባች። ልጁ ማለም እንዳለበት፣ የማሬስኮ ተቋም በ2023 እ.ኤ.አ. ኪጋሊ፣ ሩዋንዳ ውስጥ የማሠልጠኛ ማዕከል መክፈቱን፣ እዚያ አፍሪካውያን ሐኪሞች ላፓራስኮፒ እንደሚማሩ ጻፈች። 4ኛውም ልጁን በመቆጣቱ ይቅርታ ጠየቀ። ሰው በአደባባይ ይቅርታ ሲጠይቅ ደስ ይላል።

19ኛውና 20ኛው ስለ ገንዘብ ተጨቃጨቁ። ማሽኑ ራሱ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚሸጥ፣ ጫፍ ላይ ያሉት መሣሪያዎችም የተወሰነ ጊዜ ብቻ አገልግለው እንደሚጣሉ፣ ወጪውም ሄዶ ሄዶ ሕመምተኛው ላይ እንደሚያርፍ ነው ክርክሩ። 21ኛዋ ለአጎቴ ዕቁብ እንጣል አለች፤ 22ኛውና 23ኛው ተቀብለው ስማቸውን አስመዘገቡ። ገና ምን እንደምናደርግ ሳንወስን ገንዘብ አልቀበልም ብያለሁ፣ ግን እንባዬ መጥቷል።

24ኛውን የጻፉት ጡረታ የወጡ ሐኪም ናቸው። እድሜያቸው እንደገፋ ይነግሩናል፣ አጻጻፋቸውም የድሮ ሰው ነው። እስከዚህ ድረስ በምን ይሠሩ ስንል የከረምነውን ሁሉ አስቁመው፣ አንድ ሰው እንኳ ይሠሩ ወይ ብሎ አለመጠየቁን ተናገሩ። ናሙናው ላይ ግሊሰን የሚባል ቁጥር መኖሩን፣ ካንሰሩ ምን ያህል ክፉ እንደሆነ የሚናገረው እሱ እንደሆነ፣ ያንን ሳያዩ ስለ ሮቦት ማውራት ከፈረሱ ጋሪው እንደማስቀደም እንደሆነ ጻፉ። ከዚያ የእንግሊዙን ጥናት ነገሩን። ከ50 እስከ 69 ዓመት የሆናቸው፣ ካንሰራቸው ከፕሮስቴት ያልወጣ 1,643 ወንዶች በዕጣ ሦስት ቦታ ተመደቡ፤ ለአንዱ ቡድን ኦፕራሲዮን፣ ለሌላው ጨረር፣ ለሦስተኛው ደግሞ ክትትል። በ2023 እ.ኤ.አ. የ15 ዓመቱ ውጤት ወጣ። በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት ከኦፕራሲዮኑ ቡድን ከመቶ 2.2፣ ከጨረሩ 2.9፣ ከክትትሉ 3.1 ናቸው። ሦስቱም ተቀራራቢ ናቸው።

25ኛው፣ ማለትም ያው 6ኛው ሐኪም፣ አክብሮ ግን ሳይፈራ አረማቸው። ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል የተሠራጨባቸው ከክትትሉ ቡድን ከመቶ 9.4፣ ከኦፕራሲዮኑ 4.7 መሆናቸው መነገር እንዳለበት፣ በክትትል ከጀመሩትም ከግማሽ በላይ የሆኑት ቆይተው ሕክምና መውሰዳቸው መነገር እንዳለበት ጻፈ። ክትትል ማለት መተው አይደለም፤ ደም፣ ምስል፣ ሲያስፈልግ ድጋሚ ናሙና ማለት ነው። ሽማግሌው እርማቱን ተቀብለው መረቁት።

ቅዳሜ ጠዋት ሐይቅ ሄድኩ። አጎቴ ወረቀቶቻቸውን የሚያስቀምጡት ከኮታቸው ውስጠኛ ኪስ፣ የእድር ደብተራቸውና መታወቂያቸው ባሉባት አንዲት ላስቲክ ውስጥ ነው። የናሙናው ውጤት አራት እጥፍ ታጥፎ፣ እጥፉ ላይ ፊደሉ ጠፍቶ ነበር። መስኮት ጋ ወስጄ ገለጥኩት። ከታች በእንግሊዝኛ ግሊሰን 3 ሲደመር 3፣ ጠቅላላ 6 ይላል። ይህ ወረቀት ሦስት ወር ሙሉ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ቤት ለመሸጥ የተነሳን ሰዎች አንዳችንም ገልጠን አላነበብነውም።

ይህን 26ኛ አድርጌ ለጠፍኩ። 27ኛው ላይ ያው በስፔሻላይዜሽን ላይ ያለው ሐኪም፣ ግሊሰን 6 ከዝቅተኞቹ ውስጥ እንደሆነ፣ ግን የፒኤስኤው መጠንና የኤምአርአይ ምስል አብሮ መታየት እንዳለበት፣ ናሙናውም በሌላ ፓቶሎጂስት (ናሙና የሚመረምር ሐኪም) ዳግም ቢነበብ መልካም እንደሆነ ጻፈ። ከሩቅ ሆኖ አይሠሩ ብሎ ለመናገር እንደማይደፍርም ጨመረ።

28ኛው ያመመኝ ነው። የአጎቴ ታላቅ ልጅ ነው የጻፈው። ካንሰር ያለበትን አባት ቆመህ እይ የሚል ምክር ሰምቶ እንደማያውቅ፣ እኔ ለቤቱ ሳስቼ እንደሆነ ሁሉም ሰው እያነበበ ጻፈ። ቤቱ የእኔ አይደለም። ግን አልመለስኩለትም፣ ምክንያቱም አባቱን መውደዱ ነው እንዲያ ያናገረው። 29ኛው ላይ ሽማግሌው ሐኪም መለሱለት፤ ልጄ ብለው ጀምረው፣ መፍራቱ ደግ ልጅ ስለሆነ እንደሆነ፣ በእጃቸውም ተሠርተው የዳኑ እንዳሉ ሁሉ ሳያስፈልጋቸው ተሠርተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽንታቸው ያመለጣቸው ሰዎች እንዳሉ፣ አሁንም ፊታቸው ድቅን እንደሚልባቸው ጻፉለት። 30ኛዋ ነርሷ ናት፤ ሐኪሙ ፊት ስንቀርብ የምንጠይቀውን ነገረችን። ካንሰሩ የቱ ደረጃ ላይ ነው፣ ብንጠብቅ ምን እናጣለን፣ ከተሠሩስ የሚሠሩት ሐኪም በዓመት ይህንን ኦፕራሲዮን ለስንት ሰው ይሠራሉ።

31ኛው መልስ የአጎቴ ልጅ ነው። ሽማግሌውን አመሰገነ፣ ለቤቱ ገዢም ቀጠሮው እስኪያልፍ እንዲጠብቅ እንደነገረው ጻፈ። ማታም ደውሎልኝ ነበር።

አዲስ አበባ ያለን ቀጠሮ ረቡዕ ነው። አጎቴ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁኝ፤ ክትትል ከሆነ በየስንት ወሩ እንደሚመላለሱ፣ በመሃል እርሻቸውን ማረስ ይችሉ እንደሆነ። የመጀመሪያውን ሐኪሙ ይመልስልናል። ከእናንተ ውስጥ ናሙና ለሁለተኛ ንባብ አስልኮ የሚያውቅ ካለ፣ ብሎኩን (ናሙናው በሰም ውስጥ የተቀመጠበትን) ከላቦራቶሪ ለማስወጣት ምን ወረቀት እንደሚጠየቅ እስከ ማክሰኞ ማታ ጻፉልኝ።